ክኒኑና እንጀራው

የአዲስ አበባ ልጆች የሆንን ሁላችን «አማኑኤል ግባ!» ተብለናል፤ ብለናልም። ኳስ ሜዳ ላይ፣ ታክሲ ወረፋ ላይ፣ አሁን አሁን ደግሞ ፌስቡክ ላይ። አማርኛችን ለዚህ ጉዳይ ቃል አያጥረውም፦ «ለየለት»፣ «ነካ ያደርገዋል»፣ «ጨርቁን ጣለ»። ልብ ካላችሁ ግን እነዚህ ሁሉ የሚያወሩት ስለ መጀመሪያው ቀን ነው። ሰውየው ጨርቁን ከጣለ በኋላ ስለሚመጡት ሃያና ሠላሳ ዓመታት የምንለው የለንም። ማን ያበላዋል? የት ያድራል? መድኃኒቱን ማን ያስታውሰዋል?

በሰፈራችን አንድ ሰው ነበረ። ጎረምሳ ሳለ ጎበዝ ተማሪ እንደነበረ ትልልቆቹ ይነግሩን ነበር። እኛ ስናውቀው ግን ከራሱ ጋር እያወራ የሚውል፣ ማንንም የማይነካ ሰው ነው። ጠላ የሚሸጡ አንዲት እማማ በየቀኑ ምሳ ሰዓት ላይ አንድ ሳህን ያስቀምጡለታል። «ብላና ክኒንህን ዋጥ» ይሉታል። ይበላል፤ ይውጣል። እማማ ባረፉ በዓመቱ ሰውየው ከሰፈሩ ጠፋ። የት ሄደ ብሎ የጠየቀ አልነበረም፤ እኛም አልጠየቅንም። ያኔ አልገባንም እንጂ የሕክምናው ግማሽ እማማ ነበሩ።

ይህን ነገር ያስታወሰን እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ አንድ ጥናት ነው። (ከዚህ በኋላ የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) ዶ/ር ሰለሞን ተፈራና ባልደረቦቹ ቡታጅራ ላይ ቀላል የሚመስል ጥያቄ ጠየቁ፦ የስኪዞፍሬኒያ ሕሙማን መድኃኒታቸውን ለምን ያቋርጣሉ? እኛ ብንጠየቅ «ጠበል ይሻላል ብለው»፣ «ስላደነዘዛቸው»፣ «የዳኑ መስሏቸው» እንል ነበር። እነዚህም ምክንያቶች ተነሥተዋል። ጎልቶ የወጣው ግን ሌላ ነው፦ ምግብ። መድኃኒቱ የምግብ ፍላጎትን ይከፍታል፤ ቤት ውስጥ ግን የሚበላ የለም። ክኒን ውጦ በረኀብ ሲገላበጥ ከማደር ክኒኑን መተው ይሻላል። ይህን እብደት የሚለው ካለ እጁን ያውጣ!

የዛሬው ጽሑፋችን ታሪክ ነው። የስኪዞፍሬኒያ የረጅም ጊዜ ሕክምና ታሪክ ብዙ ጊዜ የመድኃኒት ታሪክ ተደርጎ ይጻፋል። እኛ ከእንጀራው በኩል እናነበዋለን። ከዚያ በኩል ሲታይ ሐኪሞችም መንግሥታትም እንጀራውን ደጋግመው ረስተውታል፤ ያስታወሱትም ብዙ ጊዜ ሰው ካለቀ በኋላ ነው።

ስም ሆኖ የመጣ ፍርድ

በ1890ዎቹ ኤሚል ክሬፕሊን የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም በወጣትነት ጀምሮ እየባሰ የሚሄድ የሚመስለውን ሕመም «ዲሜንሺያ ፕሪኮክስ» ብሎ መደበው። ወደኛ ስናመጣው «ያለ ዕድሜ የመጣ መጃጀት» እንደ ማለት ነው። ስሙ ራሱ ፍርድ ነበር፤ ይግባኝ የሌለው። በ1908 ስዊዘርላንዳዊው ኦይገን ብሎይለር ሁሉም ሕሙማን እንደዚያ እንደማይሆኑ አይቶ ስሙን ለወጠው። መሰንጠቅ እና አእምሮ የሚሉ ሁለት የግሪክ ቃላትን አጋጥሞ «ስኪዞፍሬኒያ» አለው። በነገራችን ላይ በፊልም እንደምናየው አንድ ሰው ሁለት ሰው ይሆናል ማለት አይደለም። የተሰነጠቀው በሐሳብ፣ በስሜትና በድርጊት መካከል ያለው ስምምነት ነው።

ሕመሙ ሁለት ፊት አለው። አንደኛው ሁላችን የምናውቀው ነው፦ ሌላው የማይሰማውን ድምፅ መስማት፣ «ይከታተሉኛል»፣ «ምግቤን መርዘውታል» የሚል ምንም ማስረጃ የማይነቀንቀው እምነት፣ መያዣ መጨበጫ የሌለው ንግግር። ሁለተኛው ዝምተኛው ነው፦ ፍላጎት ይጠፋል፣ ንግግር ያጥራል፣ መታጠብና ልብስ መቀየር ተራራ ይሆናል። ቤተሰብ ይህን ሁለተኛውን ሲያይ «ሰነፈ» ይላል። አልሰነፈም፤ ታሟል። አንዳንዱ አንድ ጊዜ ታሞ ይድናል፣ አንዳንዱን እየተወው ይመለስበታል፣ አንዳንዱን ደግሞ ለዓመታት አይለቀውም። ዛሬ የምናወራው በተለይ ስለዚህ ስለመጨረሻው ነው።

የሚጨምርለት ሰው

መድኃኒት ከመገኘቱ በፊት የነበረው ሕክምና በአብዛኛው ትልቅ ግንብና ትልቅ በር ነበር። ከግንቡ ውስጥ ምን ይበላ ነበር? ሁለት ታሪኮች እንንገራችሁ።

የመጀመሪያው አሜሪካ ውስጥ፣ ጆርጂያ ግዛት፣ ሚሌጅቪል በሚባል ከተማ ነው። በ1914 ጆሴፍ ጎልድበርገር የተባለ የመንግሥት ሐኪም በአሜሪካ ደቡብ ግዛቶች ሰው እየጨረሰ ስለነበረው ስለ ፔላግራ እንዲመረምር ተላከ። ፔላግራ ቆዳን ይልጣል፣ ሆድን ያውካል፣ በመጨረሻም አእምሮን ያስታል። ብዙ ሰው ተላላፊ ነው ይል ነበር። ጎልድበርገር ግን አንድ ነገር አየ፦ በእብዶች ማቆያዎቹ ውስጥ ሕሙማኑ ይያዛሉ፤ አብረዋቸው የሚውሉት ነርሶችና አስታማሚዎች ግን አይያዙም። ተላላፊ በሽታ ደግሞ በሥራ መደብ አይመርጥም። ልዩነቱ ሳህኑ ላይ ነበር። ሠራተኛው የተሻለውን መርጦ ይበላል፤ ሕመምተኛው በቆሎና የተረፈውን። ጎልድበርገር በሚሌጅቪሉ ማቆያ ለተመረጡ ሕሙማን ወተት፣ እንቁላል፣ ሥጋና ጥራጥሬ እንዲጨመርላቸው አደረገ፤ ፔላግራውም ጠፋ። በ1937 ደግሞ የጎደለው ናያሲን የተባለው ቪታሚን መሆኑ ታወቀ። «እብድ» ተብለው ከተዘጋባቸው ሰዎች መካከል ሕመማቸው ረኀብ ብቻ የነበረ ሰዎች ነበሩ ማለት ነው።

ሁለተኛው ታሪክ ይከብዳል። ፈረንሳይ በናዚ ጀርመን በተያዘችበት ጊዜ፣ ከ1940 እስከ 1944፣ በአእምሮ ሆስፒታሎቿ ውስጥ ወደ 45 ሺህ የሚጠጉ ሕሙማን በረኀብና ረኀብ ባመጣው በሽታ አለቁ። ምግብ በራሽን ነበር። በራሽኑ ብቻ ማንም አይኖርም፤ ውጭ ያለው ሰው ግን ገጠር ካለ ዘመድ፣ ከጓሮው፣ ከጥቁር ገበያ ይጨምርበታል። ግንብ ውስጥ ያለው የሚጨምርለት ሰው የለውም።

ከዚህ እልቂት ካመለጡት ጥቂት ሆስፒታሎች አንዱ በተራራማው ሎዜር የሚገኘው ሳንት አልባን ነበር። ከስፔን የእርስ በርስ ጦርነት የተሰደደው የካታሎኒያው ሐኪም ፍራንሷ ቶስኬል በ1940 ከስደተኞች ካምፕ ወደዚያ መጣ። እዚያ ሐኪሙም፣ ነርሱም፣ ሕመምተኛውም ከግንቡ ወጥተው ከመንደሩ ገበሬዎች ጋር ሠሩ፤ በጉልበታቸው ምግብ አገኙ፣ ከጫካ እንጉዳይ ለቀሙ። ከረኀብ ለመዳን የተደረገው ነገር ሕክምና ሆኖ ተገኘ። መሬት የቆፈረ፣ ከገበሬ ጋር ዋጋ የተከራከረ ሕመምተኛ እንደገና ሰው መሆን ይጀምራል። ከጦርነቱ በኋላ የፈረንሳይ የአእምሮ ሕክምና ማሻሻያ ከዚያች መንደር ብዙ ተምሯል።

1952፦ ክኒኑ መጣ

በ1950 መጨረሻ ፈረንሳይ ውስጥ ክሎርፕሮማዚን የተባለ ንጥረ ነገር ተሠራ። በ1952 ዣን ደሌ እና ፒየር ደኒከር ፓሪስ በሚገኘው ሴንት አን ሆስፒታል ለሕሙማን ሰጡት። ለዓመታት በጩኸት የሚታወቁ ክፍሎች ጸጥ አሉ። ለዓመታት ያልተናገሩ ሰዎች ተናገሩ። ለመጀመሪያ ጊዜ ለዚህ ሕመም የሚሠራ መድኃኒት ተገኘ።

እዚህ ላይ ግልጽ እንሁን። ስለ እንጀራ የምናወራው ክኒኑን ለማጣጣል አይደለም። በ2012 ላንሴት መጽሔት ላይ የወጣ ብዙ ጥናቶችን ያሰባሰበ ትንታኔ እንዳሳየው መድኃኒታቸውን ከቀጠሉት ሕሙማን በአንድ ዓመት ገደማ ውስጥ ሕመሙ የተመለሰባቸው 27 ከመቶ ናቸው፤ መድኃኒቱ በባዶ ክኒን ከተተካባቸው ግን 64 ከመቶ። ይህ ትልቅ ልዩነት ነው። በየቀኑ ክኒን መዋጥ ለሚከብደው ደግሞ ከ1960ዎቹ ጀምሮ ለሳምንታት የሚቆይ መርፌ አለ። ሌሎች መድኃኒቶች ላልሠሩለት ሰው ክሎዛፒን አለ፤ የደም ነጭ ሕዋስን ሊያወርድ ስለሚችል የደም ምርመራ ይፈልጋል እንጂ በ1988 በአሜሪካ የታተመ ጥናት ሌላው ሁሉ ያቃታቸውን ሕሙማን እንደሚረዳ አሳይቷል።

ሆኖም ክኒኑ ሁለት ፈተና ይዞ መጣ። አንደኛው ዝምተኛውን የሕመሙን ፊት እምብዛም አይነካውም፤ ድምፁን ያጠፋል እንጂ ጠዋት ከአልጋ አያስነሣም። ሁለተኛው የራሱ ጉዳት አለው፦ መንቀጥቀጥ፣ መድረቅ፣ በአዲሶቹ ደግሞ በተለይ የክብደት መጨመርና የስኳር በሽታ። ምግብ እንደገና ወደ ታሪኩ ተመለሰ፤ ለአንዱ በማጣት፣ ለሌላው በመብዛት።

ምግብን ራሱን መድኃኒት ለማድረግ የሞከሩም ነበሩ። በ1950ዎቹ ካናዳ ውስጥ አብራም ሆፈር እና ሃምፍሪ ኦስሞንድ ስኪዞፍሬኒያን በከፍተኛ መጠን ናያሲን እናክማለን አሉ። ከፔላግራ ታሪክ በኋላ ሐሳቡ ሞኝነት አልነበረም። ሌሎች ሲደግሙት ግን አልሠራም፤ የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በ1973 መርምሮ ውድቅ አደረገው። ዛሬም «ይህን ቪታሚን ውሰድ፣ ክኒኑን ጣል» የሚል ሻጭ ስታዩ ይህን ታሪክ አስታውሱ። ምግብ ክኒንን አይተካም። ክኒኑ የሚያርፍበት መሬት ግን እሱ ነው።

ቤትና መንደር

አሜሪካኖቹ ክኒኑን ይዘው የሆስፒታሎቻቸውን በር ከፈቱ። በ1955 በመንግሥት የአእምሮ ሆስፒታሎች ወደ 559 ሺህ ሰው ነበረ፤ ከዚያ በኋላ ቁጥሩ ወደቀ። ችግሩ ውጭ የሚጠብቃቸው ቤት፣ ሥራና ምግብ በበቂ አለመዘጋጀቱ ነበር። ብዙዎቹ ከሆስፒታል ወጥተው መንገድ ላይና እስር ቤት ገቡ።

የተዘጋጀላቸውስ? ቬርሞንት በምትባለው ትንሽ ግዛት በ1950ዎቹ «ተስፋ የላቸውም» ተብለው በኋለኞቹ ክፍሎች የቀሩ 269 ሕሙማን ተመርጠው ከመድኃኒቱ ጋር መኖሪያ፣ የሥራ ልምምድና ክትትል ተሰጣቸው። ኮርትኒ ሃርዲንግ እና ባልደረቦቿ ከሆስፒታሉ ከወጡ ከ20 እስከ 25 ዓመት በኋላ ፈልገው አገኟቸው። በ1987 የታተመው ውጤት ክሬፕሊንን ከመቃብሩ የሚቀሰቅስ ነበር፦ ከግማሽ እስከ ሁለት ሦስተኛ የሚሆኑት በእጅጉ ተሽሏቸው ወይም ድነው ነበር።

እንግሊዝ ውስጥ ደግሞ ጆርጅ ብራውን የተባለ የማኅበረሰብ ጥናት ባለሙያ ከሆስፒታል የወጡ ሰዎች ወዴት ሲሄዱ ሕመማቸው እንደሚመለስ ተከታተለ። መልሱ ያስደነግጣል፦ ነቀፋ፣ ጥላቻና መፈናፈኛ የሚያሳጣ ጥበቃ ወደበዛበት ቤት የተመለሱት ቶሎ ይታመሙ ነበር። ይህ ቤተሰብ ሕመሙን ያመጣዋል ማለት አይደለም። ቤተሰቡን ስለሕመሙ ማስተማርና ማሳረፍ ራሱ ሕክምና ነው ማለት ነው፤ ይህም በኋላ በብዙ ጥናት ተረጋግጧል።

ከሁሉ የሚቀርበን ግን የአፍሪካው ነው። ናይጄሪያ ውስጥ፣ አቤኦኩታ አጠገብ፣ ቶማስ አዴኦዬ ላምቦ በ1954 አሮ ላይ የተለየ ሕክምና ጀመረ። ሕመምተኛው ግንብ ውስጥ አይገባም። በሆስፒታሉ ዙሪያ ባሉ መንደሮች ይከራያል፤ ቀን ሕክምናውን ያገኛል፣ እርሻ ይሠራል፣ ማታ መንደር ያድራል። አንድ ግዴታ አለ፦ ቢያንስ አንድ ዘመድ ይዞ መምጣት አለበት። ዘመዱ ምን ይሠራል? ያበስልለታል፤ አብሮት ይሆናል። ላምቦ የሚጨምርለትን ሰው የሕክምናው መግቢያ አደረገው።

ከአማኑኤል እስከ ሶዶ

ወደኛው እንመለስ። በጣሊያን ወረራ ዘመን መርካቶ አካባቢ የተሠራው፣ ስሙን ከአጠገቡ ካለው ቤተ ክርስቲያን ያገኘው አማኑኤል ሆስፒታል ለአሥርት ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ነበር። ስድባችን ውስጥ የገባውም ለዚህ ነው፤ ሌላ መሄጃ አልነበረም። በ1987 የአእምሮ ሕክምና ነርሶችን ማሠልጠን ተጀመረ። በ2003 አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ የሥነ አእምሮ ሐኪሞችን አገር ውስጥ ማሠልጠን ጀመረ።

በዚህ መሀል፣ በ1998፣ እነ ዶ/ር ደረጀ ከበደ እና ፕሮፌሰር አታላይ ዓለም ቡታጅራ ላይ ትልቅ ሥራ ጀመሩ። ቤት ለቤት ዞረው ከ68 ሺህ በላይ ሰው መረመሩ፤ የስኪዞፍሬኒያ ሕሙማኑን ለዓመታት ተከታተሉ። አብዛኞቹ ከዚያ በፊት ዘመናዊ ሕክምና አግኝተው አያውቁም። በወቅቱ በዓለም ላይ አንድ ደስ የሚል አባባል ነበረ፦ «በድሃ አገር ስኪዞፍሬኒያ ይቀላል፤ ቤተሰብ አለ፣ መንደር አለ።» የቡታጅራ ውጤት ይህን አላሞቀውም። በአማካይ 3.4 ዓመት ከተከታተሏቸው 321 ሰዎች ወደ አንድ ሦስተኛ የሚጠጉት ሳያቋርጥ ታመው ከረሙ።

ከዚያ የሞቱ ቁጥር መጣ። በ2011 በታተመው ጥናት በአምስት ዓመት ውስጥ ከ307 ሕሙማን 38ቱ ሞተዋል፤ አማካይ ዕድሜያቸው 35 ነበር። ከአካባቢው ሕዝብ ጋር ሲነጻጸር ወደ ስድስት እጥፍ ነው። ምን ገደላቸው? 18ቱን ኢንፌክሽን፣ 5ቱን ከባድ የምግብ እጥረት፣ 4ቱን ራስን ማጥፋት። ቆም ብላችሁ አንብቡት፦ በምግብ እጥረት የሞቱት ራሳቸውን ካጠፉት ይበልጣሉ። በ2019 የታተመ ሌላ ጥናት ከባድ የአእምሮ ሕመም ካለባቸው ሰዎች 32.5 ከመቶው ከባድ የምግብ ዋስትና ችግር እንዳለባቸው አሳየ፤ በቀሪው ሕዝብ 15.9 ከመቶ ነው። ቤተሰብ አለ፣ መንደር አለ፤ ግን ቤተሰቡም ተርቧል። ያረሰው እጅ ታሟል፣ አስታማሚው ከሥራ ቀርቷል። አንዳንዱ ቤተሰብ ልጁን በሰንሰለት የሚያስረው ጨካኝ ስለሆነ አይደለም፤ አማራጭ ስላጣ ነው።

ደስ የሚለው ታሪኩ እዚህ አለማብቃቱ ነው። በጉራጌ አካባቢ በሶዶ ወረዳ ሎራ አሸር፣ ሻርሎት ሃንሎን፣ አበባው ፈቃዱ እና ባልደረቦቻቸው አንድ ነገር ሞከሩ። 166 የስኪዞፍሬኒያ ሕሙማን ሁሉም በጤና ጣቢያ መድኃኒት እንዲያገኙ ተደረገ። ግማሽ ያህሉ ግን ተጨማሪ ነገር ነበራቸው፦ ቤታቸው የሚመጣ ሰው። ይህ ሰው ሐኪም አይደለም፣ ነርስም አይደለም፤ አሥረኛ ክፍል የደረሰ፣ አምስት ሳምንት የሠለጠነ የአካባቢው ነዋሪ ነው። መድኃኒቱን ያስታውሳል፣ ከቤተሰብ ጋር ያስታርቃል፣ ወደ እርሻውና ወደ ገበያው ለመመለስ ያግዛል፣ ከዕድርና ከአካባቢ ሽማግሌዎች ጋር ይነጋገራል። በ2022 ላንሴት ግሎባል ሄልዝ ላይ እንደታተመው ከ12 ወር በኋላ እነዚህ ሕሙማን የዕለት ኑሯቸውን በመምራት ከሌሎቹ የተሻሉ ሆነው ተገኙ። ላምቦ በ1954፣ ቶስኬል በ1940ዎቹ፣ የሰፈራችን እማማ ደግሞ በጠላ ቤታቸው የሚያውቁት ነገር በሳይንሱ መንገድ ተፈትኖ አለፈ።

ታዲያ እኛስ?

ሙሉ ሕክምና ማለት እንግዲህ ይህ ሁሉ አንድ ላይ ሲሆን ነው፦ የማይቋረጥ መድኃኒት፣ መደበኛ ምግብ፣ የአካል ጤና ምርመራ፣ የሚያርፍ ቤተሰብ፣ ትንሽም ብትሆን ሥራ፣ ስሙን የሚጠራው ሰው። የተረፈው ሁሉ እያለ አንዱ ሲጎድል ምን እንደሚሆን ከላይ አይተናል።

ከእኛ መካከል ወንድሙ፣ እህቱ፣ የክፍል ጓደኛው የታመመ አለ። ዝም ያለው አፍሮ ነው። ለእሱ የምንለው ይህን ነው፦ «መድኃኒቱ አስቸገረኝ» ሲልህ «ሰነፍ» አትበለው፤ ምን እንዳስቸገረው ጠይቅ፣ ለሐኪሙ ወይም ለነርሷ ንገር፤ መጠኑም ዓይነቱም ይስተካከላል። በራሱ ጊዜ እንዲያቆመው ግን አትተባበር። ወደ ጠበል ሲሄድ ክኒኑን ይዞ ይሂድ፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም። ከጫትና ከሐሺሽ ይራቅ። የሚወፍር ከሆነ ለስላሳውንና ስኳሩን ቀንሱ፣ አብራችሁ በእግር ሂዱ፣ ስኳሩን አስለኩ። የሚከሳ ከሆነ ከክኒኑ በፊት ሳህኑን ተመልከቱ። ስለ መሞት ካወራ ብቻውን አትተውት፤ በዚያው ቀን ሐኪም ይየው።

ቤተሰብ የሌለውስ? በ2012 የወጣው ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ስትራቴጂ ሕክምናው ወደ ጤና ጣቢያ እንዲወርድ አቅዷል። መውረዱ ጥሩ ነው። ግን የጤና ጣቢያው ካርድ ምሳ አይሆንም። ለዚህ ዕድር አለ፣ ሰንበቴ አለ፣ ጀማዓ አለ፤ ሰው ሲሞት ድንኳን ለመትከል የሚደርስ ሕዝብ ሰው በሕይወት እያለ አንድ ሳህን ለማስቀመጥ አይከብደውም።

የሰፈራችንን ሰው እስከ ዛሬ አላገኘነውም። ይህን ስንጽፍ ስሙን ለማስታወስ ሞክረን ሁላችንም ቅጽል ስሙን ብቻ እንደምናውቅ ገባን። ትክክለኛ ስሙን የሚጠሩት እማማ ብቻ ነበሩ።